በሙሉ ድምፅ

ቅዳሜ ነው፤ ቀትር። ቆርቆሮው ይግላል፣
የማኅበሩ አዳራሽ ዓሣ ዓሣ ይላል፤
ከበሩ ፊት ለፊት አባ ኮዳ ቆሟል፣
እንደ ጡረታ ዳኛ ትከሻው ወርዶ፣ ራሱ ተመልጧል።

ከጠረጴዛው ጥግ እኔ፣ ሙቀት ያስለቀሰው ቢክ ይዤ።
ሥራዬ ቀላል ነው፤ የተባለን ማስፈር፣
ቀን፣ ሰዓት፣ አጀንዳ፣ የተሰብሳቢ ቁጥር፤
ያልተባለው ነገር መዝገብ ላይ አይሰፍር።
አጀንዳ አንድ፦ ሌዳሞን ከማኅበር ማባረር።

ጥፋቱ ምንድን ነው? አንድ ገጽ ወረቀት፣
ሁላችን በሆዳችን ይዘን የኖርናት፦
"የመረባችን ዓይን ከጥፍር አነሰ፣
የቆሮሶው ጫጩት፣ እናቱን ሳይመስል፣ መጥበሻ ደረሰ፤
ነገ ሐይቁ ውሃ ነው፤ ውሃ ብቻ።"
ይህን ጽፎ አስገባ ለዓሣ ሀብት ቢሮ፣
ከግርጌ ስሙን፣ ሙሉ ስሙን አኑሮ።

ሊቀመንበሩ ተነሡ፣ ጉሮሮ ጠረጉ፣
ስለ አንድነት አወሩ፣ ስለ ገበና፣ ስለ ወጉ፤
"ደግ ልጅ ነው፤ ግን…" አሉ፤ "ግን" ላይ ትንሽ ቆዩና፣
"የሚደግፍ እጁን ያውጣ" አሉን፣ በትሕትና።

እጅ ወጣ።
ቅርፊት የደረቀበት፣ መንጠቆ የበጣው፣
ትናንት ከሌዳሞ ጋር አንድ ጀልባ የገፋው፣
ልጁ የታመመች ሌሊት የሌዳሞን በር ያንኳኳው፣
እሱም እጅ ወጣ።
እኔንስ ማን ጠየቀኝ? ጸሐፊ አይቆጠርም።
ቀኜ ቢክ ይዞ ነበር፤ እሱን አላስቀመጥኩም፤
ግራዬን አወጣሁ።

ከኋላ፣ ከመስኮቱ ዳር፣ መረብ ጠጋኝዋ ወይዘሮ ባዩሽ
ቀና አላሉም።
"ባዩሽ፣ አንቺስ? ምነው ዝም አልሽ?"
"እጄ ሥራ ይዟል" አሉ፤ "ለዚህ አይለቅም"፤
መርፌው ሄዶ ተመለሰ። ሌላ ቃል የለም።

ሳቅ ሆነ፤ ጥቂት። ሊቀመንበሩ ወደ ጆሮዬ ቀርበው፣
"ለአንድ እጅ ብለን ገጽ አናበላሽ፤ በሙሉ ድምፅ በለው።"
አልኩት።
ድምፅ ግን የት ነበር? እኔ የሰማሁት
የአባ ኮዳውን ምንቃር ግጭት፣ የክሩን ሽውታ፣
የሌዳሞ ወንበር ሲነሣ፤ ከዚያ ያንን ሁሉ ዝምታ።

ሌሊቱን ሂሳብ ስሠራ አደርኩ፦
ሠላሳ ስምንት እጅ ነን፤ በደሉን ብንካፈለው፣
ለእኔ የሚደርሰኝ የአንድ ቅርፊት ያህል ነው።
አካፈልኩት፤ እምቢ አለኝ፤ ደግሜ አካፈልኩ፣
ለእያንዳንዱ ሰው ሙሉው ደረሰው፤ እኔም ሙሉውን ወሰድኩ።

ማን አስገደደህ? አልኩ። ማንም።
ጠብመንጃ አልነበረ፣ ዛቻ አልነበረ፣
በሩ እንኳን ገርበብ ብሎ የሐይቁ ነፋስ ይገባ ነበረ።
እንቅልፍ የነሣኝም እሱ ነው፤ ነጻ ነበርኩ፣
ነጻነቴን እንደ ባጃጅ መልስ ሳልቆጥር ኪሴ ከተትኩ።

ሰኞ፣ ገና ሳይነጋ፣ ታቦር ጭጋግ ለብሶ፣
ከአሞራ ገደል በኩል የመቅዘፊያ ድምፅ ደርሶ፣
አዳራሹን ከፈትኩ። መዝገቡን ገለጥኩ።
ከሽፋኑ ጀርባ በራሴ እጅ ጽሑፍ፦
"ስርዝ ድልዝ ያለበት ገጽ ተቀባይነት የለውም።"
ሰረዝኩ።
ከላዩ ጻፍኩ፦ "ከወይዘሮ ባዩሽ በቀር።"
ቢኩ አልቆመም፦ "ጸሐፊውም ግራ እጁን አውጥቶ ነበር፤
ዘግይቷል፤ ያውቃል፤ አውርዷል።"
ፈረምኩ።

ይህ ሌዳሞን አይመልሰው፣ ጫጩቱንም አያሳድገው፤
ምናልባት በቅርቡ እኔም አጀንዳ አንድ ነኝ፣ ሌላ ጸሐፊ የሚያሰፍረው።
ውጭ የሊቀመንበሩ ሞተር ሲጠፋ ይሰማል።
ቀለሙ ገና አልደረቀም፤ ግራ እጄን ነክቶኛል።